ከተፈጥሮ ጥበቃ ምርምር ወደ ዋሽንግተን የፖሊሲ ፌሎውሺፕ፦ ቪዛ፣ ሜሞና ግብር

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አሜሪካ ውስጥ በኤፍ-1 የተማሪ ቪዛ ሆኜ በብዝኃ ሕይወት ጥበቃ ፒኤችዲዬን ልጨርስ ነው። የተፈጥሮ ጥበቃ ሳይንስን ከመንግሥት ፖሊሲ ጋር ከሚያገናኙት ፌሎውሺፖች ለእኔ የሚሆነው የትኛው ነው? ማመልከቻው ላይስ ዋናው የሚታየው ምንድን ነው?

መልስ፦
ወንድሜ፣ ከምርምርህ ርዕስ በፊት የሚወስነው የያዝከው ወረቀት ነው። በጣም የሚታወቀው ትሪፕል ኤ ኤስ የሚባለው የሳይንስ ማኅበር የሚያስተዳድረው የሳይንስና ቴክኖሎጂ ፖሊሲ ፌሎውሺፕ ነው። ከ1973 ጀምሮ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ሳይንቲስቶችን መጀመሪያ ወደ ኮንግረስ፣ በኋላም ወደ ፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ሲልክ ቆይቷል። የአሜሪካ ዜግነት ግን ግዴታ ነው፤ ግሪን ካርድ አይበቃም። ማመልከቻው የሚዘጋው በተለምዶ ኖቬምበር 1 ሲሆን፣ የፒኤችዲ መመዘኛዎች በሙሉ እስከዚያ ቀን መጠናቀቅ አለባቸው። «በሜይ እመረቃለሁ» ብሎ ማመልከት አይቻልም። ሥራው የሚጀመረው በተከታዩ ሴፕቴምበር ስለሆነ በመካከሉ ያሉትን አሥር ወራት በምን እንደምትኖር ቀድመህ አስብ።

ይህን የሚያነቡ ግሪን ካርድ ያላቸው ካሉ፦ የዜግነት ማመልከቻው አምስት ዓመቱ ከመሙላቱ 90 ቀን በፊት ሊገባ ይችላል። ፌሎውሺፑ ጥምር ዜግነት ያላቸውንም ይቀበላል። የኢትዮጵያ የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 (ይህ ዓመት ብቻ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) ግን የሌላ አገር ዜግነት በፈቃዱ የወሰደ ሰው ኢትዮጵያዊነቱን እንደተወ ይቆጥረዋል። ውሳኔው የእያንዳንዱ ሰው ነው፤ ለአንድ ዓመት ፌሎውሺፕ ተብሎ ብቻ የሚወሰን ግን አይመስለኝም።

ለአንተ የሚቀርበው ሲ ግራንት የተባለው የባሕርና የባሕር ዳርቻ ምርምር ፕሮግራም የሚያስተዳድረው የናውስ የባሕር ፖሊሲ ፌሎውሺፕ ነው። በ1979 የተጀመረ ሲሆን ለአንድ ዓመት ዋሽንግተን ውስጥ በኮንግረስ ጽሕፈት ቤት ወይም በፌዴራል መሥሪያ ቤት ያሠራል። የሚጠይቀው ዜግነት ሳይሆን ስታመለክት በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ተማሪ መሆንህን ነው። ጥናትህ ከውቅያኖስ፣ ከባሕር ዳርቻ ወይም ከታላላቆቹ ሐይቆች ጋር መያያዝ አለበት። ማመልከቻው የሚገባው በየስቴቱ ባለው የሲ ግራንት ጽሕፈት ቤት በኩል ነው፤ ገና ሳትጽፍ ደውልላቸው፣ ይረዱሃል።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው ኦፒቲው ላይ ነው፤ ኦፒቲ ለኤፍ-1 ተማሪ ከትምህርቱ በኋላ በሙያው እንዲሠራ የሚሰጠው ጊዜያዊ ፈቃድ ነው። የናውስ ሥራ የሚጀምረው በፌብሩዋሪ መጀመሪያ ነው። ኦፒቲ ደግሞ ትምህርት ባለቀ በ60 ቀን ውስጥ መጀመር አለበት፤ ከተጀመረ በኋላ ያለ ሥራ መቆየት የሚፈቀደው በድምሩ 90 ቀን ብቻ ነው። ትምህርትህ ሜይ 15 ቢያልቅ ኦፒቲህ ቢዘገይ ጁላይ 14 ይጀምራል፤ በመካከሉ ሥራ ካላገኘህ 90ው ቀን ኦክቶበር አጋማሽ ላይ ያልቃል። ፌብሩዋሪን ሳታይ ሕጋዊ መቆያህን ታጣለህ ማለት ነው። መከላያው የትምህርቱን ማብቂያ ወደ ዲሴምበር አጋማሽ ማዘዋወር ነው፤ ያኔ ፌብሩዋሪ 1 በ60 ቀኑ ውስጥ ይወድቃል። ይህን ከአማካሪህና ከዓለም አቀፍ ተማሪዎች ቢሮ ጋር አንድ ዓመት ቀድመህ ተነጋገርበት። የሥራ ፈቃድ ማመልከቻውንም ትምህርቱ ከማለቁ 90 ቀን በፊት ጀምሮ ማስገባት ስለሚቻል አትዘግይ፤ ካርዱ እጅህ ሳይገባ ሥራ መጀመር አይቻልም።

በሳይንስ፣ ቴክኖሎጂ፣ ምህንድስናና ሒሳብ ለተመረቁ ኦፒቲውን የሚያራዝመው የ24 ወሩ የስቴም ማራዘሚያ ሌላ ጣጣ አለው። አሠሪው የሠራተኛን የሥራ ፈቃድ በሚያጣራው የመንግሥት ሥርዓት፣ በኢ-ቬሪፋይ የተመዘገበ መሆን አለበት፤ አይ-983 የተባለውንም የሥልጠና ዕቅድ መፈረም አለበት። ፌሎውሺፕ ላይ ገንዘቡን የሚከፍለው አንድ ድርጅት፣ ሥራውን የሚያሠራው ሌላ ሊሆን ይችላል። ማን እንደሚፈርም በጽሑፍ ጠይቅ፤ «ይፈረማል» የሚል የቃል መልስ አትቀበል።

ሌላው ዓይነት የፖስትዶክ፣ ማለትም ከፒኤችዲ በኋላ ያለ የምርምር ፌሎውሺፕ ነው። በዴቪድ ስሚዝ ስም የተሰየመው ፕሮግራም እንዳስለመደው፣ አንድ አማካሪ ከዩኒቨርሲቲ፣ አንድ ደግሞ መሬቱን ወይም ዝርያውን በሥራ ከሚያስተዳድር ተቋም ይመደባል። መቀመጫው ዩኒቨርሲቲ ከሆነ ኤች-1ቢ የተባለው የሥራ ቪዛ በዓመታዊው ኮታ አይገደብም፤ ለውጭ ዜጋ ትልቅ ጥቅም ነው። የሁለተኛው አማካሪ ደብዳቤ «ጥናቱን እንደግፋለን» ብቻ የሚል ከሆነ ደካማ ነው። ውጤቱን የትኛው ውሳኔ ላይ፣ መቼ እንደሚጠቀሙበት ይጻፍበት።

መልስ፦
የቪዛው ነገር በደንብ ተብራርቷል፤ እኔ ስለ ሜሞው ልጨምር። በእነዚህ ውድድሮች አመልካቹ አጭር የፖሊሲ ጽሑፍ (ሜሞ) እንዲያዘጋጅ ወይም በቃለ መጠይቅ እንዲያብራራ ይጠየቃል። ጎበዝ ተመራማሪዎች የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው፤ የጆርናል ጽሑፍ አሳጥረው ያቀርባሉና። ዳራ፣ ዘዴ፣ ውጤት፣ በመጨረሻ «ፖሊሲ አውጪዎች ትኩረት ይስጡ»። ማን? በየትኛው ሥልጣን? እስከ መቼ?

የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ወሳኙን ሰው፣ የሚወስነውን ነገርና ቀኑን ይያዝ። ለምሳሌ በ1973ቱ ለመጥፋት የተቃረቡ ዝርያዎች ሕግ አንድ ዝርያ ጥበቃ በሚደረግላቸው ዝርዝር ይመዝገብ የሚል አቤቱታ ሲቀርብ፣ መሥሪያ ቤቱ በተቻለ መጠን በ90 ቀን ውስጥ አቤቱታው በቂ መረጃ መያዙን ይወስናል። መረጃው በቂ ከሆነ አቤቱታው በቀረበ በ12 ወር ውስጥ ምዝገባው ተገቢ መሆን አለመሆኑን ይወስናል። የምዝገባ ረቂቅ ደንብ ከታተመ ደግሞ ለሕዝብ አስተያየት ቢያንስ 60 ቀን ይሰጣል። ጥናትህ ከነዚህ መስኮቶች ለየትኛው እንደሚደርስ ካልተናገርክ አንባቢው የሚያደርገው ነገር የለውም።

ወሳኙንም አታምታታ። የየብስና የጣፋጭ ውኃ ዝርያዎች በአብዛኛው የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር ሥር ባለው የዓሣና የዱር እንስሳት አገልግሎት ናቸው፤ የባሕሮቹ በአብዛኛው ንግድ ሚኒስቴር ሥር ባለው የውቅያኖስና የከባቢ አየር አስተዳደር፣ በኖኣ። ሳልሞንን የመሰሉ ከባሕር ወደ ወንዝ የሚወጡ ዓሦችም ወደ ኖኣ ይሄዳሉ።

ደጋግሞ የሚታይ ሌላ ስሕተት አለ። አመልካቹ ዝርያው ይመዝገብ ብሎ ለመከራከር የቱሪዝም ገቢን ያመጣል። ሕጉ ምዝገባው በሳይንሳዊና በንግድ መረጃ (ማለትም ስለ ዝርያው ግብይት ባለ መረጃ) ብቻ እንዲወሰን ስለሚያዝ ኢኮኖሚያዊ ጥቅምና ጉዳት እዚያ ቦታ የለውም። ለዝርያው ህልውና አስፈላጊ የሆነው «ወሳኝ መኖሪያ» ሲከለል ግን የኢኮኖሚ ተፅዕኖውን ማየት ግዴታ ነው። ይህን ልዩነት በትክክል ያስቀመጠ ሜሞ ጸሐፊው ሕጉን ማንበቡን ወዲያው ያሳያል። ከጁን 2024 ወዲህ ደግሞ የሕጉን ቃል ራሱን መጥቀስ የበለጠ ያስፈልጋል፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሎፐር ብራይት ጉዳይ፣ ሕጉ አሻሚ ሲሆን ፍርድ ቤቶች ለመሥሪያ ቤቱ አተረጓጎም እንዲያደሉ የሚያዘውን የቆየ መርሕ ሽሯል።

ለኮንግረስ የሚጻፍ ከሆነ ሕግ መፍቀድና ገንዘብ መመደብ የተለያዩ ኮሚቴዎች ሥራ መሆኑን እወቅ። «ኮንግረስ ለመሬት ጥበቃ ፈንድ ያቋቁም» ብሎ መጻፍ ያሳፍራል፤ የመሬትና ውኃ ጥበቃ ፈንድ ከ1964ቱ ሕግ ጀምሮ አለ፤ በ2020 ደግሞ በዓመት 900 ሚሊዮን ዶላር በቋሚነት ተፈቅዶለታል። ክርክሩ ያለው ገንዘቡ የት መሬት ላይ ይዋል በሚለው ነው፤ የሳይንቲስቱም ዕውቀት የሚፈለገው እዚያ ነው።

አንድ ገጽ በቂ ነው። ሁለት ሦስት አማራጮችን ከነወጪያቸውና ከተቃዋሚዎቻቸው አስቀምጥ፣ አንዱን ምረጥ። እርግጠኛ ያልሆንክበትን አትደብቅ፤ «ተጨማሪ ጥናት ያስፈልጋል» ከማለት ይልቅ ያለው መረጃ የትኛውን አማራጭ ከወዲሁ እንደሚያስቀር ተናገር።

ጥያቄ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ክፍያው በስታይፔንድ ከሆነ ግብሩ እንዴት ነው?

መልስ፦
ስታይፔንድ፣ ማለትም ደመወዝ ያልሆነ የመተዳደሪያ ክፍያ ሲሆን በአብዛኛው ዳብልዩ-2 (አሠሪ የሚሰጠው የዓመት የደመወዝና የግብር ማስረጃ) የለም። ለዜጎችና ለግብር ነዋሪዎች ግብሩ ቀድሞ አይቆረጥም፤ በዓመቱ ከ1,000 ዶላር በላይ ዕዳ የሚጠብቀው ሰው በ1040-ኢኤስ ቅጽ ግምታዊ ግብሩን በአራት ጊዜ ይከፍላል፦ ኤፕሪል 15፣ ጁን 15፣ ሴፕቴምበር 15ና ጃንዋሪ 15። ካልከፈለ ቅጣት አለው። ገንዘቡ በገባ ቁጥር የግብሩን ድርሻ ለብቻው ሂሳብ ማስቀመጥ ይሻላል።

በኤፍ-1 ላሉ ለግብር «ነዋሪ ያልሆኑ» ግብር ከሚከፈልበት ስታይፔንድ 14 በመቶ ይቆረጣል። ኢትዮጵያ ከአሜሪካ ጋር የገቢ ግብር ስምምነት ስለሌላት በዚያ የሚቀነስ የለም። ተማሪ ሆነህ አምስት የካላንደር ዓመት ካለፈህ ግን አብዛኛውን ጊዜ ለግብር ነዋሪ ትሆናለህ፤ ፒኤችዲ ላይ የቆየ ሰው ብዙውን ጊዜ ይህን ይሞላል። ከፋዩ ፓስፖርትህን አይቶ 14 በመቶውን መቁረጡን ሊቀጥል ስለሚችል ለግብር ነዋሪ መሆንህን የሚያረጋግጠውን ቅጽ ዳብልዩ-9 ስጠው።

ቤት ስትከራይ የደመወዝ ወረቀት ይጠየቃል፤ የለህም። የወር መጠኑንና የሚቆይበትን ጊዜ የያዘ የሽልማት ደብዳቤ ከፊርማ ጋር አስቀድመህ አስጽፍ። የጤና መድንም በፌሎውሺፑ ካልተካተተ የዩኒቨርሲቲው ሽፋን ካበቃ በ60 ቀን ውስጥ በመንግሥት በተቋቋመው የጤና መድን ገበያ ተመዝገብ፤ ካመለጠህ እስከሚቀጥለው የምዝገባ ወቅት መጠበቅ ሊኖርብህ ነው።