የባሕር ሙላትና ጉድለት ሰዓት የገባው ይርዳኝ

ሰላም ወገኖች። ፒያሳ ቁጭ ብዬ ከኬንያዋ ሞምባሳ ባሕር ጋር እየታገልኩ ነው። በሚቀጥለው ወር እሄዳለሁ፤ ውኃው ሲሸሽ ኮራል ሪፉ (ባሕር ውስጥ ያለው የዛጎል አለት) ድረስ በእግር ይኬዳል ስላሉኝ የሰዓት ሰንጠረዡን አወረድኩ። ዝቅተኛው 04:10፣ ከፍተኛው 10:20 ይላል። በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 10:10 እና ከጠዋቱ 4:20 ማለት ነው አይደል? እዚህ ላይ ከተሳሳትኩ መዋኘቴ ነው፣ ዋና ደግሞ አልችልም።

ጨረቃ ውኃውን እንደምትስብ ገብቶኛል። ሰዓቱ በየቀኑ 50 ደቂቃ ገደማ የሚገፋውም እሷ ስለምትዘገይ ነው። ግን በቀን ሁለቴ ለምን ይሞላል? ጨረቃ በሌለችበት በኩል ያለውን ውኃ ማን አነሳው? ሙሉ ጨረቃ ሰሞን የሙላቱና የጉድለቱ ልዩነት ከ3 ሜትር ያልፋል የሚሉትስ፣ ጨረቃ አዲስ ስትወጣም እንደዚያው ነው? በናታችሁ በቀላሉ አስረዱኝ፤ ጉግል አድርግ እንዳትሉኝ ብቻ።