የጡት ማጥቢያው ትራስ ረጥቦ አልደርቅ አለኝ፤ ለዛሬ ሌሊት ምን ላድርግ?

ጠያቂ፣ ከደብረ ማርቆስ፦ እባካችሁ ፈጥናችሁ መልሱልኝ። እኅቴ ከአሜሪካ የላከችልኝ የጡት ማጥቢያ ትራስ ሕፃኑ ባስመለሰው ወተትና በሽንቱ እስከ ውስጡ ረጠበ። ትናንት ጠዋት በሳፋ ነክሬ አጠብሁት፤ የሐምሌ ዝናብ ግን ፋታ ስላልሰጠኝ አልደረቀም፣ መሽተትም ጀምሯል። ልጁ ያለ እርሱ አይተኛም።

ከፍኖተ ሰላም፦ በረኪናና ኮምጣጤ ቀላቅለሽ እንደገና እጠቢው፤ ሽታው ወዲያው ይጠፋል። ከዚያ ከሰል አቀጣጥለሽ በሩን ዘግተሽ ከምድጃው አጠገብ ስቀይው፤ እስከ ማታ ይደርቃል።

ከዳንግላ፦ እኔም በከሰል ነው የማደርቀው፤ በክረምት ሌላ መላ የለም።

አዋላጅ ነርስ፣ ከባሕር ዳር፦ እኅቴ ሆይ፣ ሁለቱንም አታድርጊ። በረኪና ከኮምጣጤ ጋር ሲደባለቅ ሳንባ የሚጎዳ ክሎሪን የተባለ ጋዝ ይወጣል። ከሰል በተዘጋ ቤት ሲነድ ደግሞ የማይታይና የማይሸት መርዛማ ጋዝ ስለሚሰጥ አራስና ሕፃን ባሉበት ክፍል ፈጽሞ መቀጣጠል የለበትም። ከእነዚህ ሁሉ በላይ ያስደነገጠኝ ግን «ያለ እርሱ አይተኛም» ያልሽው ነው። ትራሱ የተሠራው አንቺ ነቅተሽ ስታጠቢ ክንድሽን እንዲደግፍልሽ እንጂ ልጅ እንዲተኛበት አይደለም። የአራስ ልጅ ጭንቅላት ከባድ፣ አንገቱ ደካማ ስለሆነ፣ በለስላሳና ጎድጎድ ባለ ነገር ላይ ሲተኛ አገጩ ወደ ደረቱ ይወድቅና የአየር መተላለፊያው ይዘጋል፤ ወይም ፊቱ ዞሮ ጨርቁ ውስጥ ይቀበራል፤ በዚህም ጊዜ ድምፅ አያሰማም። በዚያው በአሜሪካ በ2021 እ.ኤ.አ. ከ3 ሚሊዮን በላይ የአራስ ልጅ ማጋደሚያ ትራሶች ከ8 ሕፃናት ሞት ጋር ተያይዘው ከገበያ ተሰብስበዋል።

ጠያቂ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ከሰሉን አወጣሁት። ነገር ግን በጀርባው ዘርግቼ ሳስተኛው ያስመልሰዋል፤ ትን እንዳይለው እፈራለሁ፤ ቀና የማደርገውም ስለዚህ ነው።

አዋላጅ ነርስ፣ ከባሕር ዳር፦ ፍርሃትሽ የብዙ እናቶች ነው። ጤነኛ ሕፃን በጀርባው ተኝቶ ቢያስመልስ ይውጠዋል ወይም ያስለዋል፤ የአየር ቧንቧው በዚያ አተኛኘት ከምግብ ቧንቧው በላይ ስለሚሆን ትውከቱ ወደ እርሱ አይወርድም። ካጠባሽው በኋላ አስገስተሽ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ትከሻሽ ላይ ቀጥ አድርገሽ ያዢው፤ ከዚያም ጠንካራና ዝርግ ፍራሽ ላይ፣ ያለ ትራስ፣ በጀርባው አስተኚው። ትውከቱ አረንጓዴ ከሆነ ወይም በኃይል እየተወረወረ የሚወጣ ከሆነ ግን ሳትዘገዪ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰጂው።

ልብስ ሰፊ፣ ከቡሬ፦ ውስጡ ስፖንጅ ነው ወይስ ፋይበር? ስፖንጅ ከሆነ አትጠምዝዢው፤ በደረቅ ፎጣ ጠቅልለሽ ደጋግመሽ ተጫኚው። ፋይበር ከሆነ የስፌቱን ጠርዝ አንድ ስንዝር ያህል ፈትተሽ አውጪውና እንደ ባዘቶ አፍታትተሽ ነፋስ በሚገባበት በረንዳ ላይ በሰፌድ አስጪው፤ እንደ ተጨፈለቀ ከተውሽው ላዩ ደርቆ መሐሉ ይሻግታል። ስትመልሺው ፋይበሩ ወጥቶ ሕፃኑ አፍ እንዳይገባ ስፌቱን ድርብ አድርጊው። እንዳይረጥብ ብለሽ ፌስታል እንዳታለብሺው፤ ተጨማሪ የጥጥ ሽፋን ሰፍተሽ ብትቀያይሪ ይሻላል። ደርቆም ከሸተተ ጣዪው።

የልጅ ልጅ ያየሁ፣ ከደጀን፦ ልጄ፣ እኛ ጋቢ አጥፈን ከክንዳችን ሥር እያደረግን ነው ያጠባነው። ጋቢ ታጥቦ ቶሎ ይደርቃል። እስከዚያው በእርሱ ተገልገዪ፤ ልጁ ጠግቦ እንቅልፍ ሲወስደው ግን ጋቢውን አንሺው።

ጠያቂ፦ ፋይበር ነው፤ አሁን እየፈታሁት ነው።

አዋላጅ ነርስ፣ ከባሕር ዳር፦ መልካም ነው። ዛሬ ሌሊት የምታስተኚው የት ነው?