ግብረ ገብ ተመልሷል፤ ግን ማን፣ እንዴት ያስተምረው?

የመወያያ ጥያቄ፦ በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ግብረ ገብ በአንደኛ ደረጃ ራሱን ችሎ መሰጠት ጀምሯል። ልጆችን በጠባይ ማነጽ የመንግሥት ትምህርት ቤት ሥራ ነው ወይስ የቤተሰብና የሃይማኖት ተቋማት?

የሁለት ልጆች እናት፦ እኔ በጣም ደስ ብሎኛል። እኔም ባለቤቴም በጠዋት ወጥተን ማታ ነው የምንገባው። ድሮ ጎረቤት የሰው ልጅ ሲያጠፋ ይቆጣ ነበር፤ ዛሬ ብትቆጣ ከወላጅ ጋር ትጣላለህ። መምህሩም ዝም ካለ ማን ይምከራቸው?

የሕግ ባለሙያ፦ እህቴ፣ ጭንቀትሽ ይገባኛል። ግን የማን ግብረ ገብ? በንጉሡ ዘመን ትምህርቱ ከቤተ ክርስቲያንና ለዘውዱ ከመታመን ጋር የተቆራኘ ነበር። ደርግ መጥቶ በፖለቲካ ትምህርት ተካው። ከ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ በኋላ ደግሞ ሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር መጣ፤ እሱም የገዢው ፓርቲ ልሳን ነው እየተባለ ሲታማ ኖረ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት፣ ከፖለቲካ አመለካከትና ከባህል ተጽዕኖ ነጻ ይሁን ይላል። መጽሐፉን የሚያዘጋጀው መንግሥት እስከሆነ ድረስ እኔ እሰጋለሁ።

ሙስሊም ወላጅ፦ የድሮውን በእኛም ቤት እናውቀዋለን፤ አባቶቻችን ክፍል ውስጥ እንደ እንግዳ ነበር የሚቀመጡት። ቢሆንም ስጋቱ ትምህርቱን ሊያስቀረው አይገባም። አደራ መጠበቅን፣ አለመዋሸትን፣ አቅመ ደካማ መርዳትን የሚቃወም መስጊድም ቤተ ክርስቲያንም የለም። ከእነዚህ ይጀመር።

የሥነ ዜጋ መምህር፦ ሁላችሁም ስለ ይዘቱ ነው የምትከራከሩት። ችግሩ እዚያ አይደለም። የሥነ ዜጋ መጽሐፋችን 11 እሴቶች ነበሩት፤ የሕግ የበላይነት፣ ፍትሕ፣ ኃላፊነት፣ ታታሪነት፣ ቁጠባ ሳይቀር። ተማሪዎቼ በቃላቸው ይወጡታል። ያው ልጅ ስለ ኃላፊነት የቀረበለትን የምርጫ ጥያቄ ከጎኑ ካለው ይኮርጃል። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ወደ ዩኒቨርሲቲዎች የተወሰደው በኩረጃና በስርቆት ምክንያት ነው። ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። እነዚያ ልጆች ሥነ ዜጋን ለዓመታት ተምረዋል!

ልጁን ብቻ ግን አልወቅስም። አስኮራጁ አንዳንዴ ፈታኙ ነው። ብዙ ተማሪ ከወደቀ መምህሩ ለምን ተብሎ ይጠየቃል፤ እኔ ራሴ ባስተማርኩበት አንድ ትምህርት ቤት ውጤት "እንዳስተካክል" ተጠይቄ አውቃለሁ። ተማሪው ይህን ሁሉ ያያል። ስለዚህ ግብረ ገብ ማርክ አይኑረው፣ የፈተና ትምህርትም አይሁን እላለሁ። ይልቅ ትምህርት ቤቱ ራሱ ሳይኮረጅ ይፈትን፣ የወደቀውን ወድቀሃል ይበለው፣ መምህሩ በሰዓቱ ይግባ።

የሁለት ልጆች እናት፦ መምህር፣ እዚህ ላይ አልስማማም። ማርክ የሌለውን ልጆችም ወላጆችም ይንቁታል። ክፍለ ጊዜው የሒሳብ ማካካሻ ሆኖ ይቀራል።

የሥነ ዜጋ መምህር፦ እውነትሽን ነው፣ ይህ የምር ስጋት ነው። ግን ሐቀኝነትን ከ100 ስንት ብዬ ልስጥ? ዝምተኛውና ፈሪው ልጅ 95 ያገኛል፤ ጓደኛው ሲበደል ተነስቶ የተናገረው በረባሽነት ይቀነስበታል። ይህን አይቼዋለሁ፣ ያመኛል።

የሕግ ባለሙያ፦ ማርክ ከቀረ እኔም ግማሽ መንገድ እመጣለሁ። ስጋቴ ልጅን በአመለካከቱ መዝኖ ማሳለፍና መጣል ነበር። መጽሐፉ ከመታተሙ በፊት ግን ወላጆች ይዩት።

ሙስሊም ወላጅ፦ ለዚህ የወላጅ መምህር ኅብረት አለ አይደል? በየትምህርት ቤታችን የሚሰበሰበው ለመዋጮ ብቻ ነው። በሚቀጥለው ስብሰባ ይህን አጀንዳ አስይዛለሁ፤ መምህር ያነሱትን የውጤት "ማስተካከልም" ጭምር።