የዴንማርክ ግብር ይህን ያህል ከፍ ብሎ ለምን አልደኸየችም?

የፔዳ ተማሪ
ሰላም ለባሕር ዳርና ለአካባቢዋ ሰዎች። የ20 ሀብታም አገሮችን የመንግሥት ወጪ (ከዓመታዊ ምርታቸው ያለውን ድርሻ) ከዓመታዊ እድገታቸው ጋር ሳስተያይ፣ ድርሻው ከፍ ባለበት ዓመት እድገቱ ይወርዳል። ዴንማርክ ግን ከምርቷ 45 በመቶ አካባቢ በግብር ትሰበስባለች፤ አሜሪካ 26 ገደማ። ዴንማርክን ደግሞ ደሃ የሚላት የለም። የቱ ጋ ነው የሳትኩት? (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው።)

አባይ ማዶ
ስሌቱ ላይ ነው። ምርት 100፣ ወጪ 40 ይሁን። ቀውስ መጥቶ ምርቱ 95 ቢሆን፣ መንግሥት አንዲት ሳንቲም ሳይጨምር ድርሻው 42.1 በመቶ ይገባል። በዚያ ላይ ለሥራ አጦች የሚከፈለው በሕጉ መሠረት በራሱ ይጨምራል፤ ወጪው 42 ቢደርስ ድርሻው 44.2 ሆነ ማለት ነው። ድርሻውን ያናረው የእድገቱ መውረድ ነው፤ አንተ ጋሪውን ከፈረሱ አስቀደምከው።

ዓመታዊውን ትተህ የ5 ዓመት አማካይ ውሰድ። ለወጪው አማካዩን ሳይሆን ከ5 ዓመቱ በፊት የነበረውን መጠን አስገባ። የመነሻ የነፍስ ወከፍ ገቢም አይቅር፤ ዝቅ ብሎ የጀመረ ፈጥኖ ያድጋል። አየርላንድ ላይ ተጠንቀቅ፦ በ2015 ምርቷ ከ20 በመቶ በላይ አደገ የተባለው በዋናነት ትልልቅ ኩባንያዎች የፈጠራ መብታቸውን በወረቀት ወደዚያ ስላዛወሩ ነው። የአገሪቱ ስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት ለዚሁ ብሎ ያወጣውን የተስተካከለ ብሔራዊ ገቢ ተጠቀም።

ሽምብጥ
ጠቅላላ ድርሻውን ብቻ ማየት ራሱ ያሳስታል። ግብሩ ከምን ላይ ተነሳ? በ2008 የወጣ የኦኢሲዲ (በአብዛኛው የሀብታም አገሮች የኢኮኖሚ ትብብር ድርጅት) ጥናት እድገትን አብዝቶ የሚጎዳው የኩባንያ ትርፍ ግብር ነው ይላል፤ ቀጥሎ የግል ገቢ፣ ከዚያ ፍጆታ፣ መጨረሻ ላይ የቤትና የመሬት ዓመታዊ ግብር። ቤት ተነቅሎ አይሰደድም፣ ካፒታል ግን ይሰደዳል። ዴንማርክ ቫቷ 25 በመቶ ነው፣ የትርፍ ግብሯ ግን 22 ብቻ። አሜሪካ እስከ 2017 የፌዴራሉ ብቻ 35 ነበር፣ ከዚያ ወደ 21 ወረደ።

ሌላው፣ የግብር ጉዳት ከመጣኔው (ከግብሩ መቶኛ) ጋር እኩል አይራመድም። መጣኔው እጥፍ ሲሆን ጉዳቱ ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል። ሰፊ መሠረት ላይ፣ ማለትም ብዙ ነገር ላይ፣ የተጣለ መጠነኛ መጣኔ የሚሻለው ለዚህ ነው።

ወጪውም እንዲሁ ነው። ጣና ላይ አንድ አሳ አጥማጅ ብቻውን እምቦጭ ቢነቅል ድካሙ የሱ፣ ጥቅሙ የሁሉ ነው፤ እንዲህ ያለውን ወጪ ገበያ አይሸፍንም። ዴንማርክ ውስጥ ለሕፃናት መዋያ ወላጅ የሚከፍለው ቢበዛ የወጪውን ሩብ ነው። እናቶች ወደ ሥራ ስለሚመለሱ ከግብሩ ከፊሉ በዚያው ይተካል። ያው ገንዘብ ለከሰረ ድርጅት መደጎሚያ ቢውል ግን ውጤቱ ሌላ ነው።

አባይ ማዶ
ሽምብጥ በጠቀሰው የግብሮች ደረጃ ላይ ግን ብዙ አትደገፍ፤ አገሮቹና ዓመቶቹ ሲቀያየሩ ቅደም ተከተሉ ይላላል። የፍጆታ ታክስም ጊዜውን ካልጠበቀ ይጎዳል። ጃፓን በሚያዝያ 2014 ከ5 ወደ 8 በመቶ ስታሳድግ፣ ሰው ቀድሞ ሸምቶ ስለነበር ምርቱ መጀመሪያ ዘለለ፣ ወዲያው ወደቀ። አንዱን ሩብ ዓመት ብቻ ያየ ሰው የፈለገውን መደምደሚያ ያገኛል።

የፔዳ ተማሪ
እግዜር ይስጥልኝ። ግን 2010–2014ን ካማከልኩ ጃፓን ላይ የ2011ዱ የመሬት መንቀጥቀጥም እዚያው ይገባል። ምን ላድርግ?

አባይ ማዶ
የዓመት ደሚ (በአንድ ዓመት ሁሉንም አገር እኩል የነካን ነገር ለይቶ የሚያወጣ መለያ) አይረዳህም፣ አደጋው የጃፓን ብቻ ነው። ስሌቱን ጃፓንን ጨምረህም አውጥተህም ሥራውና ሁለቱንም በሠንጠረዥ ጎን ለጎን አስቀምጥ። ወጪ በእድገት ላይ ያለውን ተጽዕኖ የሚያሳየው ቁጥር ምልክቱን (ከመቀነስ ወደ መደመር ወይም በተቃራኒው) ከቀየረ፣ ያገኘኸው በአንድ አገር ላይ የቆመ ነው።