ከወረታና ከዳንግላ ወደ ባሕር ዳር ሰርቨር፦ መስመሩ ሳይሞላ ለምን ይዘገያል?

ሰላም ወገኖች፣ እባካችሁ እርዱኝ። የሂሳብና የስቶር ሶፍትዌራችን ሰርቨር ባሕር ዳር ነው፤ ወረታና ዳንግላ ያሉት ቅርንጫፎች በቪፒኤን (በኢንተርኔት ላይ በተዘረጋ የግል መስመር) ይገባሉ፣ እያንዳንዳቸው በ4 ሜጋቢት መስመር፣ 5 ሰው። አንድ ደረሰኝ ለመክፈት 20 ሰከንድ ይፈጃል፤ መስመሩ ግን ግማሹ እንኳ አልተያዘም። ፒንጉ (አንድ መልእክት ሰርቨሩ ጋ ደርሶ ለመመለስ የሚፈጅበት ጊዜ) 80 ሚሊሰከንድ ነው። ፕሮግራሙ ለአንድ ደረሰኝ ከዳታቤዙ ጋር 250 ጊዜ ያህል ይመላለሳል፤ በ80 ሲባዛ ያው 20 ሰከንድ! ስለዚህ ሜጋቢት መጨመር ገንዘብ ማባከን ይመስለኛል።

ወደ ሪሞት ዴስክቶፕ ልንዞር ነው፤ ፕሮግራሙ እዚያው ባሕር ዳር ይሠራል፣ ወደ ቅርንጫፉ የሚመጣው ስክሪኑ ብቻ ነው። ለአንድ ሰው 150 ኪሎቢት ብንይዝ ለ5ቱ 750 ይበቃል። የሚያሳስበኝ ህትመቱ ነው፦ በሙከራ ላይ ሎጎ ያለበት ደረሰኝ ወደ ቅርንጫፉ ፕሪንተር ሲላክ የሁሉም ስክሪን ይደርቃል። የሚወጣው በባሕር ዳሩ አፕሎድ ነው፤ እሱም ለሁለቱ ቅርንጫፎች የጋራ ነው። በማይክሮቲክ ራውተር ህትመቱን ከስክሪኑ ለይቶ መገደብ ይቻላል? ሁለቱም በአንድ ፖርት (የግንኙነት በር ቁጥር) ነው የሚያልፉት።