አስቸኳይ! ሲሪየስ ቢን ማየት አቃተኝ፣ ልጆቹ ማታ ይመጣሉ

ፍሬ፦ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። የክበባችን ልጆች ዛሬ ከምሽቱ 3 ሰዓት ይመጣሉ። የደማቁን ኮከብ የሲሪየስን ጓደኛ፣ ሲሪየስ ቢ የሚሏትን ያቺን ደብዛዛ ነጭ ሰማያዊ ኮከብ፣ አሳያችኋለሁ ብዬ ቃል ገብቻለሁ። ትናንት ሌሊት ግን ያየሁት ብርሃን ብቻ ነው፤ በመስቀል ቅርጽ አራት ጨረር። አንዲት ሰማያዊ ነጥብ አገኘሁ ስል ዓይኔን ባንቀሳቀስኩ ቁጥር አብራ ትሄዳለች። መስታወቱ ተበላሽቶ ይሆን? ወይስ ኮከቧ በጣም ሩቅ ሆና ነው? ደብረ ብርሃን ነኝ፣ ቴሌስኮፑ 8 ኢንች ነው።

አባ ኮከብ፦ ሩቅስ አይደለችም። ሁለቱም 8.6 የብርሃን ዓመት ላይ ናቸው፤ በ50 ዓመት ገደማ አንድ ዙር ይዞራሉ። የደበዘዘችው ትንሽ ስለሆነች ነው። ክብደቷ የፀሐይን ያህል፣ ስፋቷ የምድርን ያህል ነው። ነጭ ድንክ ይሏታል። ሙቀቷ 25 ሺህ ዲግሪ ስለሚደርስ ነው ወደ ሰማያዊ የምትነጣው። ጀርመናዊው የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ቤሰል እ.ኤ.አ. በ1844 የሲሪየስን መወዛወዝ አይቶ የሚጎትተው ነገር እንዳለ ተናገረ። አሜሪካዊው ቴሌስኮፕ ሠሪ ክላርክ በ1862 አዲስ ሌንስ ሲሞክር በዓይኑ አያት።

ሻይ በዝንጅብል፦ ጋሼ፣ ታሪኩ ይቆየን፣ ልጆቹ መንገድ ላይ ናቸው! ፍሬዬ፣ ቴሌስኮፑን አሁኑኑ ውጭ አውጪው። መስታወቱ ካልቀዘቀዘ ምስሉ እንደሚፈላ ውሃ ይንቀጠቀጣል። ለልጆቹም ጋቢ።

የማታ ሰው፦ መስታወትሽ ደህና ነው። መስቀሉን የሚሠሩት ትንሿን መስታወት የያዙት ብረቶች ናቸው። ዓይንሽን የምትከተለው ነጥብ ደግሞ የሌንስ ነጸብራቅ ናት። ዋናው ችግር ሲሪየስ ከጓደኛው ወደ 10 ሺህ እጥፍ መድመቁ ነው። መጀመሪያ ሪጀል በሚባለው ደማቅ ኮከብ ተለማመጂ፤ የእሱን ጓደኛ ካላየሽ የሲሪየስን አትጠብቂ። ከዚያ 250 እጥፍ አጉልተሽ ሲሪየስን በምዕራቡ ጠርዝ ከእይታሽ እንዲወጣ ተዪው። እሷ በስተምሥራቅ ስለሆነች ከኋላ ትቀራለች፤ አንድ ሰከንድ እንኳ አይሞላም፣ ዓይንሽን አትንቀዪ።

ሰላም ነው፦ ማቀዝቀዝ ነው፣ እኔም የምለው እሱን ነው።

ቀስተ ደመና፦ ለምን ሲሪየስ ላይ ሙጭጭ ትያለሽ? በጥር 3 ሰዓት ላይ 40 ኤሪዳኒ የምትባል ኮከብ ከፍ ብላ ትገኛለች። እዚያም ነጭ ድንክ አለች፣ ከዋናው ኮከብ 83 የቅስት ሰከንድ (የአንድ ዲግሪ 3600ኛ ክፍል ነው) ርቃ። ብርሃን አይሸፍናትም፤ በ8 ኢንች ልጆቹ ሁሉ ተራ በተራ ያይዋታል። ሲሪየስን 5 ሰዓት ገደማ፣ ከፍ ሲል፣ ለሚያመሹት አቆዪላቸው።

ፍሬ፦ ሪጀልን አየሁት! ጎኑ ላይ እንደ መርፌ ጫፍ የምታክል አለች። ቴሌስኮፑ ውጭ ነው፣ 40 ኤሪዳኒን እየፈለግኩ ነው። ልጆቹ በሩን እያንኳኩ ነው፣ ልክፈት።

የማታ ሰው፦ ፍሬ፣ ሲሪየስስ?