ጥቆማ፦ የቆመች ቪትዝ ከደሴ ኮምቦልቻ ማን ያውርድልኝ?

ጠያቂ፦ ጀማዓ እንዴት ናችሁ? ቪትዜ ደሴ ሸዋ በር ከቆመች ሳምንት ሆናት። ሞተሯ አይነሳም፤ መካኒኩ ደግሞ ኮምቦልቻ ካልወረደች አልነካትም አለኝ። አውቶማቲክ ናት። ጎረቤቴ ፒካፕ አለውና «ገመድ አስረን እናወርዳታለን፣ ቁልቁለት አይደል፣ ግማሹን በራሷ ትሄዳለች» ይለኛል። ክሬን ያለው ሰውዬ የጠራልኝ ዋጋ ግን አስደንግጦኛል። የሐረጎን ቁልቁለት በገመድ የወረደ አለ? ስንት ኪሎ ክብደት ድረስ ነው በገመድ መጎተት የሚቻለው? ማንን ልያዝ?

ባለ አይሱዙ፦ አብሽሪ እህቴ። የጎረቤትሽን ምክር ግን ተይው። ሰውዬው ደግ ነው፣ አላህ ይስጠው፣ ሒሳቡን ገልብጦ ነው የያዘው። ዳገት ስትጎትቺ የሚጨነቀው ሞተር ነው፤ ቁልቁለት ስትጎትቺ ፍሬን ነው። ያንቺ መኪና ደግሞ ሞተሯ ካልተነሳ ፍሬኗም ግማሽ ሞቷል። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850። በ25 ኪሎ ሜትር መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ትወርጃለሽ ማለት ነው፣ ያውም በዚያ ጥምዝምዝ።

እኔ ሞኝ ሆኜ አንዴ ሞክሬዋለሁ። የጓደኛዬን ኮሮላ በናይለን ገመድ አስሬ ከቧንቧ ውሃ ሰፈር ተነሳን። ሜዳው ላይ ምንም አላለን፣ እንዲያውም እየተሳሳቅን ነበር። ቁልቁለቱ ሲጀምር ኮሮላው ከእኔ ፈጥኖ መጣ፣ ገመዱ ላላና መሬት ነካ፣ የፊት ጎማው ወጣበት። ቀጥሎ እኔ ትንሽ ስፈጥን ገመዱ በአንድ ጊዜ ተወጠረና የኮሮላውን አፍንጫ ወደ ገደሉ ጠመዘዘው። ጓደኛዬ ፍሬን ረገጠ። የመጀመሪያው ርግጫ ያዘ፣ ሁለተኛው ትንሽ ያዘ፣ ሦስተኛው ላይ ፔዳሉ ድንጋይ ሆነ። በሁለት እግሬ ቆሜበታለሁ ነው የሚለኝ እስከ ዛሬ። መጨረሻ ያቆመው የአይሱዙዬ ቂጥ ነው። ራዲያተሩ ተበላ፣ ኮፈኑ ታጠፈ፣ እኛ ግን አልሐምዱሊላህ ተርፈናል።

ምክንያቱ ቀላል ነው። የትንሽ መኪና ፍሬን ለስላሳ የሚሆነው ሰርቮ ስላለው ነው። ሰርቮው ደግሞ የሚሠራው ሞተሩ በሚስበው አየር ነው። ሞተር ከጠፋ ውስጡ የቀረችው አቅም ለሁለት ለሦስት ርግጫ ብቻ ትበቃለች። መሪውም እንደዚያው፣ ይከብዳል። ቁልፉን ነቅለሽ ከሆነ ደግሞ መሪው ጭራሽ ይቆለፋል፤ ስለዚህ ቁልፉ አንድ ደረጃ ዞሮ መቀመጥ አለበት።

ከእንግሊዝ፦ የደሴ ሆጤ ልጅ ነኝ፣ አሁን የምኖረው ማንችስተር ነው። ስንት ኪሎ ድረስ ላልሽው፣ እዚህ ያለውን ልንገርሽ። እዚህ የራሱ ፍሬን የሌለው ተሳቢ ጣሪያው 750 ኪሎ ነው። ያም ሁልጊዜ አይደለም፤ የጎታቹ መኪና ባዶ ክብደት ግማሽ ከ750 ካነሰ የሚያዘው ያነሰው ነው። 1,200 ኪሎ መኪና ካለሽ 600 ብቻ ማለት ነው። አሁን የሚገርመው፣ በገመድ ፈንታ በብረት ሹካ ታስሮ የሚጎተትን ደህና መኪና ራሱ ሕጉ እንደ ተሳቢ ነው የሚያየው። ቪትዝ ባዶዋን ወደ አንድ ቶን ስለምትጠጋ ከ750 በላይ ናት፣ ስለዚህ ስትጎተት የራሷ ፍሬን መሥራት አለበት። የተበላሸ መኪና በገመድ ሲጎተት ደግሞ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ከ4.5 ሜትር አይበልጥም፤ ከ1.5 ሜትር ካለፈ ገመዱ ላይ ከሩቅ የሚታይ ነገር ይታሰራል። ይሄ የዚህ አገር ሕግ ነው፣ ሐረጎ ላይ ማንም በሜትር አይለካሽም። ቁጥሩ ግን ከሜዳ አልመጣም። ከ100 ሜትር 7 ሜትር በሚወርድ መንገድ ላይ 1,000 ኪሎ መኪና ፍሬን ከሌላት የፊተኛውን በ70 ኪሎ ጉልበት ትገፋዋለች፣ ያውም ሳታቋርጥ። ለአንድ መታጠፊያ ይቻላል። ለሃያው?

ባለ ሲኖ፦ የከባድ መኪናው ደግሞ ተቃራኒው ነው፣ ሰው ያምታታዋል። የእኛ ፍሬን በአየር ነው፤ አየር ሲያልቅ የኋላው በስፕሪንግ ራሱ ይይዛል። ስለዚህ ሲኖ ሲቆምብህ ችግሩ አልሄድ ማለቱ ነው። ወይ ከጎታቹ በጎማ ቱቦ አየር ትሰጠዋለህ ወይ ስፕሪንጉን በቡሎን ትስባለህ። በቡሎን ከሳብክ በኋላ ግን ፍሬን የለህም። ይሄን ረስቶ ውጫሌ ቁልቁለት ላይ የጀመረ ሰው አውቃለሁ፣ ታሪኩን ለሌላ ቀን።

ጠያቂ፦ ኧረ አስፈራችሁኝ! ገመዱ ቀረ። ታዲያ የመጎተቻ ብረቱ ይሻላል ወይስ ክሬኑ? ዋጋውን አስቡልኝ እንጂ፣ ደሞዝተኛ ነኝ።

ባለ አይሱዙ፦ እሺ ያየሁትን በየተራ ልበልሽ።

ገመድ ለሜዳና ለአጭር መንገድ ነው፤ ከፒያሳ አራዳ፣ በቃ። ካቦ የሚባለው የሽቦ ገመድ ጠንካራ ይመስላል እንጂ አይለጠጥም፤ በነጠቀ ቁጥር መንጠቆውን ይነቅላል፣ ከተበጠሰ ደግሞ እንደ ጅራፍ ነው የሚመጣው። የግድ ከሆነ መሐሉ ላይ ጋቢ ወይም ጆንያ ጣይበት። ናይለኑ ይሻላል።

የመጎተቻ ብረት ከገመድ በብዙ ይበልጣል። አይላላም፣ የኋላዋ መኪና የፊቱን አትገጭም። ከባዱ ጎታች ቀስ ብሎ በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ ከያዛት ትወርዳለች። ግን ክብደቷን በሙሉ የሚይዘው የፊተኛው ፍሬን ነው፤ ስለዚህ ፒካፕ ሳይሆን ባዶ ያልሆነ አይሱዙ ይሁን። ያንቺ ሌላ ጣጣ አለባት፣ አውቶማቲክ ናት። ካምቢዮው ውስጥ ዘይቱን የሚያዞረው ፓምፕ በሞተር ነው የሚሠራው። ሞተር ጠፍቶ የፊት ጎማዎቿ ሐያ ምናምን ኪሎ ሜትር ከዞሩ ዜሮ ማርሽ ላይ ብትሆንም ካምቢዮው በደረቁ ይፈጫል። ሞተር ልታሠሪ ወርደሽ ካምቢዮ ልትገዢ ነው? ለማንዋል ካምቢዮ ቢሆን ብረቱን እመክርሽ ነበር።

ክሬን ስትይዢ አንድ ነገር ብቻ ጠይቂ፤ ከየት በኩል ነው የምታነሳው? ቪትዝ በፊት ጎማ የምትጎትት ናት፣ ስለዚህ አፍንጫዋ መነሳት አለበት። ከኋላ አንስቶ ከፊት የሚያንከባልል ከሆነ ያው የብረቱ ችግር ነው። አራቱም ጎማ የሚጎትት መኪና ያላችሁ ደግሞ ግማሽ ማንሳትን አትስሙ፣ ሙሉ በሙሉ ይጫን።

ለእኔ ምርጡ መጫን ነው። ሎቤድ ማለቴ አይደለም፣ ያ ለዶዘር ነው። ወደ ኮምቦልቻ ባዶውን የሚወርድ፣ ካሳው (የጭነት ሳጥኑ) ረጅም የሆነ አይሱዙ ፈልጊ። ባዶ ስለሚመለስ ዋጋው ከክሬኑ በጣም ይወርዳል፣ ደፍረሽ ተከራከሪ። መጫኛ ከፍ ያለ የአፈር ዳር ያስፈልጋል፤ የጠጠር ማራገፊያ ቦታዎች አጠገብ አይጠፋም። በሰው ኃይል ትገፋለች፣ ቀላል መኪና ናት። ከላይ ከሆነች በኋላ አራቱም ጎማ ታኮ ይደረግለት፣ ማሰሪያው በጎማው ላይ ይሁን እንጂ በባምፐሩ አይለፍ። ባምፐር ፕላስቲክ ነው።

ከመርሳ፦ እኔ ባለፈው ክረምት በክሬን ነው ያስነሳሁት፣ የኩባንያውን ስም ልተወው። ሲመጣ ኋላ ያለው ሃዛርድ መብራቱ አይሠራም፣ ሾፌሩ ደግሞ «ጉም የለም» ይለኛል፣ ጉሙ ከፊታችን ቆሞ! ሌላ ሰው ፈልጌ በማግስቱ ጠዋት ወረድን። ደሴን የምታውቁ ታውቃላችሁ፣ ከሰዓት በኋላ ጉሙ ሲወርድ እጅ አይታይም። በጠዋት ይሁን፣ ውርርድ የለውም። ደግሞ ኢንሹራንስሽ ሙሉ ከሆነ ውሉን አንብቢው፤ የማንሻ ወጪ የሚከፍልበት አንቀጽ ሊኖር ይችላል። እኔ ከከፈልኩ በኋላ ነው ያነበብኩት።

ጠያቂ፦ ወላሂ ተባረኩ። አንድ አይሱዙ አግኝቻለሁ፣ ሐሙስ ጠዋት ሲሚንቶ ሊጭን ባዶውን ይወርዳል፣ ዋጋውም ክሬኑ ከጠራው ከግማሽ በታች ነው። ጎረቤቴን ምን ልበለው?

ባለ አይሱዙ፦ ለግፊያው ጥሪው፣ ቡናም አፍይለት። ስትጫን አንቺ ውስጥ ተቀመጪና ፍሬኑን አንቺ ያዢ፣ ጠንከር አርገሽ። ስትወርድም ኮምቦልቻ ላይ ታኮው ሳይነሳ በፊት የእጅ ፍሬኑ መያዙን እይ፣ አንዱ ሞኝ ሳያይ አንስቶ መኪናው ካሳው ላይ በራሱ ሲሄድ አይቻለሁ።

ጠያቂ፦ ሞኙ ማን ነበር?

ባለ አይሱዙ፦ ተይኝማ።